የምርጫ ትምህርት፦ ፍቺው፣ አመጣጡና በወሎ ያለው መልክ

የምርጫ ትምህርት ማለት ተማሪው ለመመረቅ ከሚያስፈልጉት ኮርሶች መካከል፣ ትምህርት ክፍሉ ካቀረበለት ዝርዝር ራሱ መርጦ የሚወስደው ነው። በሰነድ ላይ «ተመራጭ ኮርስ» ወይም «የምርጫ ኮርስ» ተብሎ ይጻፋል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ያለ ተማሪ ግን በአፉ «ኤሌክቲቭ» ነው የሚለው።

ብዙ አዲስ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምርጫው ከየትኛው የሚል እንጂ ልውሰድ ወይስ ልተው የሚል አይደለም። ለምርጫ ኮርስ 3 ክሬዲት ከተመደበ ያንን ሳይሞሉ መመረቅ የለም። ቢወሰድም ባይወሰድም ለምርቃት የማይቆጠር ትምህርት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ የላቲኑ «ኤሊጌሬ» ሲሆን ከብዙ መካከል ለይቶ ማውጣት ማለት ነው። በትምህርት ቤት ያለውን ትርጉም ያገኘው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ነው። ቀድሞ በዚያ ኮሌጅ የገባ ሁሉ ግሪክኛውን፣ ላቲኑንና ሒሳቡን እኩል ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 የተከፈተው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው የመምረጥ መብት ሰጠ። ከ1869 እስከ 1909 ሃርቫርድን የመሩት ቻርልስ ኤልየት ደግሞ አሠራሩን አስፋፍተው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ኮርስ በተማሪው ፈቃድ ላይ ጣሉት። ይህ ትምህርቱን በተነው የሚል ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው፣ ተተኪያቸው ሎውረንስ ሎዌል በአንድ ዋና መስክ ማተኮርን ግዴታ አደረጉ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲያችን «ሜጀር» ከ«ኤሌክቲቭ» ጋር ጎን ለጎን የሚሄደው ሁለቱን ያስታረቀው የዚያ አሠራር ውርስ ነው።

ስሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ የሚማሩትን መርጦ መማር ለወሎ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ የአብነት ትምህርት ፊደል፣ ንባብና ዳዊት የሁሉም ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለያያል። አንዱ ድጓ (የቅዱስ ያሬድ ዜማ) ይላል፣ ሌላው አቋቋም (በመቋሚያና በጸናጽል የሚቀርብ ዝማሬ)፣ ሌላው ቅዳሴ፤ መጻሕፍት ቤት የገባውም ከብሉይ፣ ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመነኮሳት ይመርጣል። ቅኔ ያማረው የላስታ ወይም የየጁ ልጅ በቅኔ ቤታቸው ከታወቁት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ ወደሚጠራው ወደ ዋድላ ይወጣል። የሚመረጠው ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ መምህሩም ጭምር ነው። ድጓ በሚገባ ዘልቆ ማስመስከር የሚፈልግ ከወሎ ተሻግሮ ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ ይሄዳል።

ደረሳውም፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ እንዲሁ ነው። ቁርአኑን ከጨረሰ በኋላ ወደ ኪታብ ይገባና ፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ)፣ ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው)፣ ሰርፍ (የቃላት እርባታ)፣ ተፍሲር (የቁርአን ትርጓሜ) ወይም ሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ሥራ) እያለ፣ በየዘርፉ ወደታወቀው ሸህ ይጓዛል። በፊቅህ ጎበዝ የተባሉ ሸህ ዘንድ ዓመታት ይቆይና ለነሕው ደግሞ ሌላ አገር ይሄዳል። በየጁ በኩል ዳና፣ በአልቡኮ ደግሞ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት ጀማ ንጉሥ በዚህ ስማቸው የገነነ ነው። ደረሳውን የሚያኖረው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ጊዜ የሚገድበው የለም፤ በመጨረሻም ሸሁ ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ይሰጡታል። ይህን ያህል ነጻነት ያለው ምርጫ ዛሬ በየትኛውም ግቢ አይገኝም።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ መምረጥ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ዘርፉ አንዴ ከተመረጠ በኋላ ትምህርቶቹ ተጠቃለው ነው የሚመጡት።

በዩኒቨርሲቲ ያለው ምርጫ በወረቀት ላይ ሰፊ፣ በተግባር ጠባብ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ሦስት አራት ኮርስ ቢዘረዝርም ትምህርት ክፍሉ የሚከፍተው መምህር የተገኘለትንና በቂ ተማሪ ያለውን ነው። ብዙ ጊዜ የክፍሉ ተወካይ እጅ ያስወጣና አብላጫው የፈለገው ይከፈታል፤ አናሳው ያልመረጠውን «ኤሌክቲቭ» ይማራል። ይህ የቃሉን ትርጉም የሚያፈርስ ስለሆነ ሊታረም ይገባል። ቢያንስ ዝርዝሩ ከነኮርሱ ይዘት ከአንድ ሴሚስተር በፊት ቢለጠፍ ተማሪው የሚያመዛዝንበት ጊዜ ያገኛል። ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከተማዋ የቆየ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላላት፣ አንድ የምህንድስና ተማሪ በአራተኛና በአምስተኛ ዓመት የሚመርጠው ኮርስ ለልምምድ የሚገባበትን ፋብሪካና የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ሊወስን ይችላል።

ከመመዝገብ በፊት መታየት ያለበት ቅድመ ሁኔታው ነው። አንዳንዱ የምርጫ ኮርስ ቀድሞ የተወሰደ ሌላ ኮርስ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹም በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚከፈቱ፣ ያመለጠው ተማሪ ዓመት ጠብቆ ወይም በሌላ ተክቶ ክሬዲቱን ይሞላል።