«ከባድ ነገር እንዳያነሱ» ማለት ምንድን ነው? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ጓሮ ለሚመለሱ

ከሆስፒታል ሲወጡ አንድ ምክር ይሰጣል። «ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሱ።» ታካሚው ራሱን ይነቀንቃል። አጠገቡ ያለ ቤተሰብ «እሺ ዶክተር» ይላል። ሁሉም የገባው ይመስለዋል።

ቤት ሲደርሱ ግን ጓሮው አለ። አረሙ ከልካይ አጥቶ ጉልበት ደርሷል። ችግኙ ጠውልጓል። ጥያቄው ያኔ ይመጣል። አረም መንቀል ከባድ ነገር ማንሳት ነው? የውሃ ጎማ መጎተትስ? ቁጢጥ ብሎ ዘር መዝራትስ? «ምንም አላነሳሁም እኮ» እያለ መሬት ሲቆፍር የሚውል ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ ምንም አላነሳም። ምክሩን ግን ጥሷል። የጣሰው ደግሞ ንቆት አይደለም። ሙሉ ትርጉሙን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንፍታው።

ከቆዳው ሥር ምን አለ?

ሆድ ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የሚቆረጠው ቆዳ ብቻ አይደለም። ከቆዳው ሥር ስብ አለ። ከስቡ ሥር ደግሞ ሐኪሞች ፋሺያ የሚሉት ነጭና ጠንካራ ሽፋን አለ። የሆድ ዕቃን ቦታው ላይ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሲጨርስ ይህን ሽፋን ለብቻው ይሰፋዋል፣ ቆዳውንም ለብቻው። በኋላ የሚወጣው ክር የቆዳው ነው። የውስጡን ስፌት እርስዎም አያዩትም፣ ሌላ ሰውም አያየውም።

ቆዳው ቶሎ ይገጥማል። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል። ሰው «ድኛለሁ» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ነገር ግን የተሰፋ ቁስል በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ያለው ጥንካሬ፣ ካልተነካ ቆዳ ጋር ሲነጻጸር፣ 10 በመቶ ገደማ ነው። በ3ኛው ወር ወደ 70 ወይም 80 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ብዙም አይጨምርም። መቶም አይሞላም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድዎን የያዘው በአብዛኛው ክሩ ነው።

ለምን እንዲህ ይቆያል? ሰውነት መጀመሪያ ክፍተቱን በችኮላ ይደፍነዋል። ኮላጅን የሚባለውን ክር መሰል ፕሮቲን እንደነገሩ ያለብሰዋል። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ያንን እያፈረሰ በወፍራምና በደንብ በተሳሰረ ኮላጅን ይተካዋል። ሥራው ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። አትክልተኛ ይህ አይጠፋውም። ትናንት ከመደቡ የተዛወረ ችግኝ ዛሬ ቀና ብሎ ይታያል፣ ቅጠሉም ለምለም ነው። ሳብ ቢያደርጉት ግን ከነሥሩ እጅዎ ላይ ይቀራል።

በነገራችን ላይ፣ ጠባሳ የሞተ ነገር አይደለም። ዕድሜ ልኩን እየፈረሰ እየተሠራ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ዓለምን በዞረ አንድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጉዞ ላይ መርከበኞች ቫይታሚን ሲ አጥተው ታመሙ። ከነሱ መካከል ከ50 ዓመት በፊት በጦርነት የቆሰለ አንድ ሰው ነበር። ያ የዳነ ቁስሉ እንደ አዲስ ተከፈተበት። ያለ ቫይታሚን ሲ ሰውነት ደህና ኮላጅን መሥራት አይችልም። በማገገሚያ ጊዜ ፍራፍሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ፕሮቲን ያለው ምግብ ይብሉ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኪሎው ብቻ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መዳፍዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉና ጉሮሮዎን ጠረግ ጠረግ ያድርጉ። ሆድዎ እጅዎን ገፋ ሲያደርገው ይሰማዎታል። ምንም አላነሱም፤ ግን ውስጥዎ ያለው ግፊት ጨምሯል። ሲስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሽንት ቤት ሲያምጡ የሚሆነው ይኸው ነው፣ ያውም ከዚህ በላይ። ትንፋሽን አፍኖ ዕቃ ማንሳትም እንደዚሁ። ሆድ አፉ እንደታሰረ ከረጢት ነው። ሲጨመቅ ግፊቱ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ የሚፈትነው ግን የላላውን ቦታ ነው። የላላው ቦታ ደግሞ አዲሱ ስፌት ነው።

ስፌቱ ከውስጥ ሲሳሳ ወይም ሲከፈት የሆድ ዕቃ በክፍተቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ሄርኒያ የሚባለው ይህ ነው። ክፉነቱ፣ ወዲያው ላይታይ መቻሉ ነው። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ብቅ ይላል። ስለዚህ «ትናንት ቆፈርኩ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

አንድ አረም እንንቀል። ሥሩ ወደ ታች የሰደደ፣ ግትር አረም። ጎንበስ ይላሉ። በአንድ እጅ ይሞክሩታል፣ እምቢ ይላል። ሁለቱን እጅ ያስገባሉ። እግርዎን ያደላድላሉ። ትንፋሽዎን ያፍናሉ፣ ጥርስዎን ይነክሳሉ፣ ወደ ኋላ ይሳባሉ። ከዚያ ድንገት ጧ! ሥሩ ይበጠስና እርስዎ በቂጥዎ መሬት ላይ። እጅዎ ላይ የቀረው ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሆድዎ የተሸከመው ግን ከአንድ ባልዲ ውሃ ሊበልጥ ይችላል።

«ከባድ ነገር እንዳያነሱ» ሲባል እንግዲህ ይህ ሁሉ አለበት። መጎተት፣ መግፋት፣ መቆፈር፣ ዕቃ ይዞ ወገብን ማዞር። የእኔ መለኪያ ትንፋሽ ነው። አንድን ነገር ለመሥራት ትንፋሽዎን ማፈን ካስፈለገዎ፣ ሚዛኑ ምንም ቢል፣ ለጊዜው ለእርስዎ ከባድ ነው።

ኪሎውም ቢሆን ያሳስታል። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ገደብ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ነው፣ ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት። የእርስዎ ሐኪም ሌላ ቁጥር ከሰጠዎ የሱን ይያዙ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ባለ 10 ሊትር ማጠጫ ሲሞላ ከ10 ኪሎ በላይ ሆነ ማለት ነው፣ የገደቡ ሁለት እጥፍ። ከ2 ወይም 3 ሊትር በላይ አይሙሉት፤ ብዙ ጊዜ ቢመላለሱ ይሻላል። እርጥብ አፈር ከውሃም ይከብዳል። ያንኑ ባልዲ አፈር ቢሞሉት 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የአበባ ማሰሮም ጠዋት ውሃ ከጠጣ በኋላ ትናንት የሚያውቁት ማሰሮ አይደለም።

ሁሉም ቀዶ ሕክምና አንድ አይደለም

በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ የተሠራ ከሆነ የዕረፍቱ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል። ቀዳዳው ግን ቀዳዳ ነው፣ እምብርት አካባቢ ያለው በተለይ።

ልብ ላይ ከሆነና የደረት አጥንት ተከፍቶ ከነበረ ጉዳዩ የአጥንት ነው። አጥንቱ በሽቦ ታስሮ እስኪገጥም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ዶማና አካፋ፣ የእጅ ጋሪ መግፋት፣ ተንበርክኮ በክንድ ተደግፎ መነሳት ሁሉ ደረትን ወደ ሁለት ይስባል። ዳሌ የተቀየረለት ሰው ደግሞ አደጋው ያለው ማጎንበሱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ ይነገራቸዋል። ይህ ማለት ቁጢጥ ማለት የለም፣ ዱካ ላይ መቀመጥም የለም። የዓይን ሞራ የተገፈፈለት ሰው ከአቧራና ከቆሻሻ ውሃ መራቅ አለበት። ከብብት ሥር የሊምፍ ዕጢ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት በዚያ በኩል ያለውን እጅ ከእሾህና ከጭረት ትጠብቅ። ትንሽ ጭረት አመርቅዞ እጁን በሙሉ ሊያሳብጠው ይችላል። ለዚህ ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ የግድ ነው።

አፈሩን በተመለከተ

አፈር እወዳለሁ፣ ቁስል ላይ ግን አልፈልገውም። የመንጋጋ ቆልፍ ተዋሲ አፈርና ፍግ ውስጥ ይኖራል። ወደ ሰውነት የሚገባውም በቁስል ነው። ክትባቱ እንዳልቆየብዎ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢጠይቁ ጥሩ ነው፣ ካለፈም አሁን ይጠይቁ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አፈርና ፍግ አይንኩ። ከደረቀም በኋላ ጓንት ያድርጉ፣ እጅዎንም ሳይታጠቡ ወደ ቁስሉ አይላኩ። በከረጢት የሚሸጥ ኮምፖስት ሌጂዮኔላ የሚባል የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ከረጢቱን ደጅ ላይ፣ ከፊትዎ አርቀው፣ ቀስ ብለው ይክፈቱት። ዱቄቱ እንዳይቦን ውሃ ረጨት ረጨት ያድርጉበት።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር። የሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ ከሆነ «አላመመኝም» የሚለው ስሜትዎ አይታመንም። ማስታገሻው የሸፈነውን ነገ ያገኙታል። አንዳንዱ ያዞራል፣ ያንቀላፋል። መቀስ፣ ማጭድ፣ መሰላል በዚያ ሰዓት አይሆኑም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ደግሞ ትንሽ ስለት ብዙ ታደማለች።

ታዲያ ቁጭ ልበል?

አይ፣ ቁጭ ማለትም አይሆንም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ እንቅስቃሴ መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሞች ቶሎ ተነሥተው ይራመዱ የሚሉት ለዚህ ነው። ጓሮ ደግሞ ለመራመድ የተመቸ ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዞር ዞር ይበሉበት። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ወገብ ከፍታ ላይ ያለ ደረቅ ቅጠል ይልቀሙ። ዘር መዝራት ካማረዎ ሌላ ሰው አፈሩን ጠረጴዛ ላይ ያቅርብልዎ፣ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዝሩ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱን ስልክዎ ላይ ይሙሉት፤ ጓሮ ውስጥ ደቂቃ አይታወቅም። ውሎው ልክ እንደነበር የሚነግርዎ የነገው ጠዋት ነው። ሕመሙ ወይም እብጠቱ ከትናንት ከባሰ፣ ትናንት በዝቷል።

ለክትትል ሲሄዱ «መቼ ሥራ እጀምራለሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱም እንደ ጥያቄው ጥቅል ይሆናል። በዝርዝር ጽፈው ይሂዱ። ዶማ መቼ? 10 ሊትር ውሃ መቼ? ቁጢጥ ማለትስ? ሐኪሙ ጓሮ እንዳለዎ ካላወቀ ስለ ጓሮ አይነግርዎትም።

ቁስሉ ዙሪያ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም ሽታ ካመጣ፣ ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ድንገት ቀላ ያለ ፈሳሽ ከፈሰሰው በዚያው ቀን ይታዩ። ሲቆሙ ወይም ሲስሉ ብቅ የሚል፣ ሲተኙ የሚጠፋ እብጠት ካዩም ለሐኪም ያሳዩ። ያ እብጠት ጠጥሮ ካመመና ካስታወከዎ ግን፣ የአንድ እግርዎ ባት ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ለነገ አይባልም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስድስቱ ሳምንት ሲሞላም በማግስቱ ዶማ አይነሳም። በግማሽ ማጠጫ፣ በትንሽ መኮትኮቻ፣ በለሰለሰ አፈር ይጀምሩ። ያንን ግትር አረም በተመለከተ፣ ማታ ዙሪያውን ውሃ ያጠጡት። ጠዋት አፈሩን በመኮትኮቻ ፈታ ያድርጉለት። ከዚያ ትንፋሽዎን እያወጡ በአንድ እጅ ሳብ። እምቢ ካለ አንገቱን ይቁረጡትና ሥሩን እዚያው ይተዉት።