ጉንፋን ሲይዘን የሚመጣው ነስር ምንድን ነው?

ጉንፋን ከያዛችሁ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ቀናችሁ ነው እንበል። ጠዋት ተነስታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ተደፍኖ ያደረውን አፍንጫ ለመክፈት ባላችሁ ኃይል ትናፈጣላችሁ። ሶፍቱን ስታዩት ቀይ ክር የመሰለ ነገር አለበት። አንዳንዴ ደግሞ ክር መሆኑ ይቀርና ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፣ ሸሚዝ ላይ ይደርሳል። ድንጋጤው የሚመጣው ያኔ ነው።

ነስር ማለት ከአፍንጫ ውስጥ የሚፈስ ደም ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ከንፍጡ ጋር የወጣችው ቀይ ክርም የዚሁ ታናሽ እህት ናት።

ደሙ ከጭንቅላት የሚመጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለይ ግድግዳ አለ አይደል? ከፊት በኩል፣ ጣት በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ (ጣቱ ጥፋተኛ ነው፣ እመጣበታለሁ)፣ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ደም ስሮች ተገናኝተው እንደ መረብ ይጠላለፋሉ። ሐኪሞች ቦታውን በአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ስም የኪሰልባህ መረብ ይሉታል። ከ10 ነስር 9 ያህሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። የምንተነፍሰውን አየር ማሞቅና ማርጠብ የአፍንጫ ሥራ ስለሆነ ደሙ ከላይ ከላይ ነው ያለው፣ የሸፈነውም ስስ የሆነ እርጥብ ሽፋን ብቻ ነው።

ጉንፋን ሲመጣ ይህ ሽፋን ይቆጣል። ደም ስሮቹ ይሰፋሉ፣ ያብጣል። አፍንጫችን የሚደፈነውም በንፍጥ ብቻ ሳይሆን በዚህ እብጠት ነው፤ ለዚህ ነው አንዳንዴ የቱንም ያህል ብትናፈጡ ጠብ የሚል ነገር የማይኖረው፣ የደፈነው ያበጠ ሥጋ ነውና። እኛ ግን እልህ ይይዘንና ፊታችን እስኪቀላ እንገፋለን። በእኔ እይታ የጉንፋን ነስር ግማሹ ከቫይረሱ ይልቅ ከዚህ ትግል የሚመጣ ነው።

የቀረውን ደግሞ ቅርፊቱ ይጨርሰዋል። ንፍጡ ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ያሳክካል፣ ጣት ይሄዳል። ቅርፊቱ ሲነቀል ከሥሩ ያለውን ሽፋን ይዞ ይነሳል፣ ይደማል፣ ደሙ ደግሞ ይደርቅና ሌላ ቅርፊት ይሆናል፣ እሱም ያሳክካል። አንዴ የነሰረው ሰው ለቀናት የሚመላለስበት በዚህ ዙር ነው። ደረቅ አየር ያለበት ክፍል ውስጥ ማደርና ተደፍኖ የቆየ አፍንጫን የሚከፍቱ ስፕሬዮችም ያባብሱታል። እንደ ኦክሲሜታዞሊን ያሉትን ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፤ ከዚያ ሲያልፍ ጭራሽ አፍንጫውን መልሰው ይደፍኑታል። ስፕሬዩን ስትነፉ ጫፉን ወደ መሀሉ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል አዙሩት። ቀኙን ቀዳዳ በግራ እጅ፣ ግራውን በቀኝ እጅ ብትነፉ አቅጣጫው በራሱ ይስተካከላል።

እሺ፣ አሁን እየነሰራችሁ ነው። ምን ይደረግ?

ቁጭ በሉ፣ ትንሽ ወደ ፊት አጎንብሱ። «ቀና በል!» የሚል ሰው ከአጠገባችሁ አይጠፋም፣ አትስሙት። ቀና ስትሉ ደሙ አይቆምም፣ በጉሮሮ ወደ ሆድ ይወርዳል እንጂ፤ ሆድ ደግሞ ደም አይወድም፣ ያስመልሳል። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን፣ ሁለቱን ጎን ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙ። ብዙ ሰው አጥንቱን ነው የሚይዘው፣ እሱን መያዝ ምንም አይፈይድም። በአፍ ተንፍሱ። አፍ ውስጥ የመጣውን ደም ትፉት።

አሁን ሰዓት እዩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትለቁ። ቆሞ ይሆን እያላችሁ በየደቂቃው ከለቀቃችሁ መርጋት የጀመረው ደም እንደገና ይከፈታል፣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። 10 ደቂቃ አፍንጫ ይዞ መቀመጥ ደግሞ ይረዝማል፣ ስለዚህ በግምት አትሂዱ። ሶፍት ወደ ውስጥ አትጠቅጥቁ፤ ስታወጡት የረጋውን ይዞ ይወጣል።

ሲቆም ቢያንስ ለአንድ ቀን አትናፈጡ፣ አትነካኩ፣ ከባድ ነገር አታንሱ። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ከፍቶ ማስነጠስ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት የጨው ውሃ ጠብታ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፤ ቀዳዳው አፍ ላይ ስስ አድርጎ ቫዝሊን መቀባትም ይረዳል። ለራስ ምታቱና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ሐኪም ያዘዘላችሁን አስፒሪን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

በትክክል ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት አልፎት ካልቆመ፣ ደሙ በብዛት ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ከሆነ፣ ካዞራችሁ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ፣ ወይም ነስሩ ጭንቅላት ከተመታችሁ በኋላ የመጣ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ብዙ ባይጠብቅ ይሻላል። ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ብቻ የሚነስር፣ ወይም ድድ እየደማና ሰውነት ላይ ያለ ምክንያት እየበለዘ የሚመጣ ነስር የጉንፋን ነው ተብሎ አይታለፍም፣ መታየት አለበት።

ልጅ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ደም የቀላቀለና የሚሸት ንፍጥ ከወጣ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። ዶቃ ወይም ባቄላ የምታክል ነገር ከትቶ ረስቷት ይሆናል። በጉጠት ለማውጣት አትሞክሩ፣ ወደ ውስጥ ትገፋላችሁ፤ ሐኪም ያውጣት።