የፓርቲ ታማኝነት ምንድን ነው? የቀድሞ ወታደርስ ለምን ይቀይረዋል?

የፓርቲ ታማኝነት አንድን ፓርቲ «የኔ ነው» ብሎ መያዝ ነው። የአባልነት መታወቂያ አይጠይቅም፤ ፓርቲው ሲሰደብ የሚያናድደው ሰው ታማኝ ነው። የአሜሪካን መራጮች ያጠኑ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ይህ ስሜት በአብዛኛው ከወላጅ እንደሚወረስና በቀላሉ እንደማይነቃነቅ ጻፉ። ሞሪስ ፊዮሪና የተባለው ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ነገሩን በሌላ በኩል አየው፦ መራጩ ፓርቲው የዋለለትንና የበደለውን ዕድሜ ልኩን እየደመረ፣ እየቀነሰ ይይዛል።

ለሰሜን ሸዋ የቀድሞ ወታደር የሚቀርበው የፊዮሪና ሐሳብ ይመስለኛል። አባት ምን ፓርቲ ያውርስ? በንጉሡ ዘመን ሕጋዊ ፓርቲ አልነበረም። የደርግ ፓርቲ የነበረው ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) በ1977 ተመሠረተ፣ በ1983 ከደርግ ጋር አከተመ።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከጦር ሜዳ በፊት ነው። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ለጢሰኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። ትውልድ ቆጥሮ ርስቱን ለሚያርሰው የመንዝ ገበሬ ግን ከሚሰጠው ይልቅ የሚነካበት ይበዛል። እናም በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር አብረው የሠለጠኑ ሁለት ሚሊሻዎች፣ አንዱ የቀድሞ ጢሰኛ ሌላው የመንዝ ባለርስት፣ ለደርግ እኩል ልብ ነበራቸው ማለት አይቻልም። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የካራማራ ውጊያ ግን ጎን ለጎን ተዋግተዋል። ወታደር የሚሞተው ለጓዱና ለአገሩ እንጂ ለሊቀመንበሩ አይደለም፤ ፓርቲዎች ይህን የራሳቸው ፍቅር አድርገው ሲቆጥሩት ይሳሳታሉ።

በ1983 ሠራዊቱ ተበተነ። አገር የጠበቀ ሰው በአንድ ጀምበር «የደርግ ወታደር» ተብሎ መንደሩ ገባ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከዚያው ከተበተነው ሠራዊት ብዙዎች ተጠሩ፣ ዘመቱም። ኢሕአዴግን ወድደው ነው? እኔ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው በ1997 ለተቃዋሚው ቅንጅት ድምፅ ቢሰጥ፣ በ2010 በመጣው ለውጥ ተስፋ ቢያደርግ፣ ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ ደግሞ «ማን ደረሰልን?» ብሎ ሒሳቡን እንደገና ቢያይ ምን ይገርማል? ጎረቤት ወላዋይ ይለው ይሆናል። ሰውየው ግን ከመጀመሪያው አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው፦ አገሩን ማን ጠበቀ፣ ደሙን ያፈሰሰውንስ ማን አከበረ?

ለጥቅም የሚገለበጥ የለም አልልም። ለማዳበሪያ ወይም ለብድር ሲል ፎርም የሞላ ሞልቷል፤ እሱ ግን መጀመሪያውኑ ታማኝ አልነበረም።

በሥራ ላይ ላለ ወታደር ጉዳዩ ሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን ያዛል። በደርግ ጊዜ ፖለቲካ ኮሚሳር፣ ማለትም በሠራዊቱ ውስጥ የፖለቲካ ሥራ የሚሠራ ኃላፊ፣ እስከ ጦር ክፍሉ ይዘልቅ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ወታደር ፓርቲን ያወቀው በምርጫ ሳይሆን በአለቃ ትእዛዝ ነው፤ የራሱን ፓርቲ መምረጥ የጀመረው መለዮውን ካወለቀ በኋላ፣ በጎልማሳነቱ ነው።