ከበሬው የተረፈው፦ የእርድ ተረፈ ምርት በባሕር ዳር

እንስሳ ታርዶ ሥጋው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሁሉ የእርድ ተረፈ ምርት ይባላል። ደሙ፣ ፈርሱ፣ ቆዳው፣ ቀንዱ፣ ሸኮናው፣ አጥንቱ፣ የሆድ ዕቃው። ከበሬ ክብደት ግማሽ ያህሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ደግነቱ ዱለት ወዳድ ስለሆንን ጨጓራና ጉበቱ አይጣልም።

ባሕር ዳር የተቀመጠችው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ነው። ጓሮ የፈሰሰ ደም ክረምት ሲገባ በቦይ አድርጎ ወደ ውሃው ይወርዳል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ደምና ፈርስ ሲበሰብሱ ለዓሣው የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። የሚለቁት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ለታየው እንቦጭ ቀለብ ይሆናል፤ አብዛኛው ከእርሻ ማሳ በጎርፍ የሚመጣ ቢሆንም።

የዓሣውም ነገር አለ። ከቆሮሶ የሚገኘው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የሁዳዴ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ በሐይቁ ዳር የሚጠረገውም እንዲሁ። ቢላዋው ሆድ ከፈተ ማለት ፔሊካኖቹ ተሰለፉ ማለት ነው። እንግዳ ፎቶ ያነሳል። ወፎቹ የተዉት ጭንቅላትና ቅርፊት ግን ዳር ላይ ተከምሮ ዝንብ ይጠራል። አንጀቱ በደንብ ተቀቅሎ ቢደርቅ ጥሩ የዶሮ መኖ ይወጣው ነበር።

በቄራ ሐኪም ከብቱን ከእርድ በፊትም በኋላም ያያል፤ የታመመውን ክፍል ለይቶ እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ያደርጋል። የሥጋ ምርመራ አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የበዓል ቅርጫ ግን ጓሮ ውስጥ ነው የሚታረደው፤ እዚያ ሐኪም የለም።

ልጅ ሳለሁ ያየሁት አይረሳኝም። አራጁ ጋሼ ጉበቱን ሲገለብጡ እንደ ፊኛ ውሃ የቋጠረ እብጠት አገኙ። በቢላዋ ቆረጡና ለውሻው ወረወሩለት። እኛም ውሻው ሲውጥ እያየን ሳቅን። ለካ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። እብጠቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻ አንጀት ውስጥ ያድጋል። ትሉ ራሱ ግማሽ ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ እንቁላሉ ግን ከውሻው ኩስ ወደ ሣር፣ ወደ ሰላጣ፣ ወደ ልጅ እጅ ይሄዳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ እንደዚያው ዓይነት ፊኛ ለዓመታት ዝም ብሎ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። እንዲህ ያለው ጉበትና ሳንባ ይቃጠል፤ ካልሆነም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቀቀል ለውሻ አይሰጥ።

አባ ሰንጋ ያለበት በድን ከዚህም የባሰ ነው። ከብቱ ድንገት ከሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም ከፈሰሰ አይነካም፣ ቆዳውም አይገፈፍም። ከተከፈተ ተዋሲው አየር ሲያገኝ እንደ ዘር ጠንክሮ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ለእንስሳት ሐኪም መንገር፣ ከዚያ እንዳለ ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር ነው።

«ቅበረው» ማለት ቀላል ነው። ሐይቁ አጠገብ በክረምት ትንሽ ቆፍረህ ውሃ ታገኛለህ። ስለዚህ ጉድጓዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከቦይና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ ይሁን፤ ውሻና ጅብ እንዳያወጡትም ይጥለቅ። ጤነኛው ፈርስ ግን መቀበሩ ያሳዝናል። ከጭድና ከአመድ ጋር ተከምሮ ሲብላላ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

ቆዳውስ? የጣና ገዳማት መጻሕፍት የተጻፉት በፍየልና በበግ ቆዳ ብራና ላይ ነው። ዛሬ በግ ተገፍፎ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት ቆዳው ይበላሻል፤ የጨው ዋጋ ደግሞ አንዳንዴ ከቆዳው ይበልጣል። ድሮ በበዓል ማግስት ማለዳ «ቆዳ አለ!» የሚለው ጩኸት ነበር ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን። አሁን ቆዳው አጥር ሥር ተጥሎ ውሾች ሲጎትቱት ነው የምናየው።