ባሌ ተራሮች ለዊኬንድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ወሬዎች አሉ። አንዳንዱ ሰውን ከመሄድ ያስቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ሄዶ እንዲቸገር ያደርጋል፤ እንስሳቱንም ይጎዳል። እንዲህ ጸጥ ያለ ቦታ በወሬ እንዲቀርባችሁ አልፈልግም።

«ፓርክ ማለት መኪና ውስጥ ተቀምጦ አውሬ ማየት ነው»

ባሌ ደስ የሚለው በእግር ነው። ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት አካባቢ፣ በኮሶና በጽድ ዛፎች መካከል ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ የደጋ አጋዘንን በቅርብ ታገኛላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። አንድ ከሰዓት ይበቃል። ስፒከሩን ግን ቤት ተዉት።

«ቀይ ቀበሮ የሚወጣው በሌሊት ነው»

በፍጹም። ሳነቴ በሚባለው የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ሌሊቱ በጣም ስለሚበርድ አይጡም ትልቁ ፍልፈልም ከጉድጓዱ የሚወጣው በቀን ነው። ቀይ ቀበሮም የሚበላው እነሱን ስለሆነ በቀን ያድናል። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ አደን ላይ ግን ብቻውን ነው። ረፋድ ላይ ጉድጓድ አፍ አጠገብ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ማየት፣ ለእኔ፣ ከየትኛውም አንበሳ ይበልጣል።

«ውሻዬን ይዤ ብሄድ ምን ችግር አለው?»

ብዙ ችግር አለው፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። የሚጨርሳቸው ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በፓርኩ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ እልቂት ደርሶ ነበር። በአካባቢው ያሉ የገበሬ ውሾችን መከተብ ራሱ የዓመታት ልፋት ነው። ከከተማ ሌላ ውሻ አንጨምር። ለቀበሮዎቹም የተረፈ ምግብ አትጣሉ። ምግብ የለመደ እንስሳ ወደ ሰፈር ይጠጋል፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ውሻ አለ።

«በጋ ስለሆነ አይበርድም»

ይኼ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ከኅዳር እስከ የካቲት ቀኑ ብሩህ ነው፤ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ማታ ግን ሰማዩ ደመና ስለሌለው የቀኑ ሙቀት ሁሉ ይበናል፤ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ክረምቱ ቢያጨቀይም ሌሊቱ ከበጋው ይሻላል። በድንኳን የምታድሩ ከሆነ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ኮፍያና ጓንት ያዙ። ጋቢ ብቻ አይበቃም።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም»

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ሳነቴ ከ4,000 በላይ ነው፤ እዚያው ያለው ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። መንገዱ ሜዳውን አቋርጦ ስለሚያልፍ «ተራራ ወጪ» መሆን አያስፈልግም። አደጋውም እዚህ ጋ ነው። ከጎባ ከተማ ተነስታችሁ ከፍታውን ሳትለምዱት በመኪና አናቱ ላይ ትደርሳላችሁ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ «ይለቀኛል» ብላችሁ አትቆዩ፣ ውረዱ። መጀመሪያ ዲንሾ አንድ ሌሊት ማደር ብዙ ይረዳል።

«ትንሽ እሳት ምን ታደርጋለች?»

በበጋ የአስታ ቁጥቋጦ እንደ ጭድ ነው የሚነደው። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ።

«ቅዳሜና እሁድ ይበቃል»

ከሐዋሳ ወይም ከሻሸመኔ ለሚነሳ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ግን ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በመኪና ሁለቱም ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። በዓል የተጨመረበት ዊኬንድ ጠብቁ፣ ወይም እስከ ሮቤ በአውሮፕላን ሂዱ። የመንገዱን ሁኔታም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ሦስተኛ ቀን ካገኛችሁ ሳነቴን አልፋችሁ ወደ ሐረና ጫካ ውረዱ። ብርዱ ይቀርና ጥቅጥቅ ያለ ደን ይቀበላችኋል። በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ማንም ያልተከለው የዱር ቡና ነው።