ጥይት መቀርቀር ምንድን ነው?

አንዴ ተኩሶ ሁለተኛውን እምቢ ያለ ሽጉጥ፣ ብዙውን ጊዜ ጥይት ተቀርቅሮበታል። ጥይት ሲተኮስ የሽጉጡ ላይኛው ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ይሄድና ባዶውን ቀለህ ያስፈነጥራል። ሲመለስ ጥይት ከሚታጨቅበት ካዝና አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን እስኪርገበገብ ነው። አንዷ እርምጃ ከዘገየች ቀለሁ ሳይወጣ መሃል ላይ ተነክሶ ይቀራል፣ አዲሱ ጥይት አፍንጫውን ተመትቶ ይቆማል፣ ወይም ሁለት ጥይት እኩል ልግባ ልግባ ይላል። የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ መትቶት ያልፈነዳ ጥይት ግን ከሸፈ እንጂ አልተቀረቀረም። መፍትሔውም ለየቅል ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከጃኬቱ ስር ሸጉጦ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ግን ሽጉጥ በገዛ በወሩ ቃታው እንዲቀልለት ሞላ ይቀይራል። ሞላው ሲላላ መርፌው በደንብ አይመታም፤ ደህና የነበረው ሽጉጥ መክሸፍ ይጀምራል። ለኢላማ ውድድር ከሆነ ይሁን። ወገብ ላይ ለሚታጠቅ ሽጉጥ ግን ያ ገንዘብ ለጥይትና ለጥሩ ካዝና ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

ሽጉጡን ማሳጠርም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በማርች 1911 የአሜሪካ ጦር ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን የኮልት ሽጉጥ 6,000 ጥይት አስተኩሶ ሲፈትነው አንድም እክል አልተመዘገበበትም። ተፎካካሪው የሳቬጅ ኩባንያ ሽጉጥ 37 ጊዜ ተቸግሯል። ያ የኮልት ሽጉጥ በርሜሉ 5 ኢንች ነበር፤ ጥይቱም ጫፈ ድቡልቡል። ዛሬ ለመደበቅ እንዲመች በርሜሉ ወደ 3 ኢንች ሲያጥር ተንሸራታቹ የሚሄድበት ርቀት ይቀንሳል፤ ካዝናውም ቀጣዩን ጥይት ለማንሳት ጊዜ ያጥረዋል። ጫፉ ጎድጓዳ የሆነ ጥይት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል።

ሽጉጡ ካስቸገረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካዝናው ነው። ካዝናዎቹ ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉ። ሁልጊዜ የሚቀረቀረው በ2 ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። በሁሉም ከሆነ የጥይቱን ዓይነት ቀይሩ። ቀጥሎ እጅ ነው። አያያዙ ከላላ ሽጉጡ በሙሉ ወደ ኋላ ይሸሽና ተንሸራታቹ ጉልበት ያጣል። ሌላ ሰው ሲተኩስበት ደህና ከሆነ ችግሩ የሽጉጡ አይደለም።

ሳይተኮስ የሚቆሽሽበትም ጊዜ አለ። ከልብስ ስር የሚውል ሽጉጥ ላብና የጨርቅ ብናኝ ይጠግባል። ዘይት ሲበዛበት ደግሞ ብናኙን ይሰበስባል፤ ስለዚህ ወልውሎ በስሱ መቀባት ነው። ከመወልወሉ በፊት መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ አቀባብላችሁ ውስጡን በዓይን እዩ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበላችሁ፣ ሌላ ጥይት ይጎርስና «ባዶ ነው» ያላችሁት ሽጉጥ ጎርሶ ይቀመጣል።

ተኩስ ሜዳ ላይ ጥይት ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። አንዳንዱ ዘግይቶ ይፈነዳል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተሻለው ዕቃ መቀየር ይቻላል። ትናንሽ ሽጉጦች ላይ ተንሸራታቹን ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ ቶሎ ስለሚደክም ከእሱ መጀመር ደግ ነው፤ መቼ እንደሚቀየር የፋብሪካው መመሪያ ይናገራል። ሁለት ነገር ባንዴ አትቀይሩ፤ የቱ እንደረዳ፣ የቱ እንዳበላሸ አታውቁም። የወጣውንም ኦሪጅናል ዕቃ አትጣሉት። መልሳችሁ የምትገጥሙት እሱን ሊሆን ይችላል።