ስለ ፈረንሳይ የሒሳብ ሊቃውንትና ትምህርት ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፈረንሳይ በፊልድስ ሜዳሊያ ብዛት ከአሜሪካ ቀጥላ ትጠራለች። ሜዳሊያው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዕድሜያቸው ከአርባ ላልዘለለ የሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጥ ከፍተኛ ክብር ነው። ይህን ዝና ተከትሎ ስለ አገሪቱ ሊቃውንትና ስለ ትምህርት ቤቶቿ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከእውነቱ የራቀውም አይጠፋም። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የሒሳብ ሊቅ ከወረቀቱ ቀና አይልም፤ የአገር ጉዳይ አይገባውም

የፈረንሳይ ታሪክ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ጋስፓር ሞንዥ በአብዮቱ ዘመን የባሕር ኃይል ሚኒስትር ነበር። ኮንዶርሴ በ1792 ለሁሉም ልጆች የሚሆን የሕዝብ ትምህርት ዕቅድ ለምክር ቤት አቅርቧል። ፖል ፓንለቬ በ1917 እና በ1925 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ በሁለተኛው ጊዜ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ያደረገውም ሌላ የሒሳብ ሊቅ፣ ኤሚል ቦሬልን ነበር።

ወንበር ሳይዙ ዋጋ የከፈሉትም መነሳት አለባቸው። ሞሪስ ኦዳን በአልጀርስ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምር የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ የአልጄሪያን ነፃነት ይደግፋል። ሰኔ 1957 የፈረንሳይ ወታደሮች ከቤቱ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ሠራዊቱ “አምልጧል” አለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሙያ ባልደረቦቹ በሶርቦን ተሰብስበው፣ እሱ በሌለበት፣ የዶክትሬት ጽሑፉ እንዲቀርብለት አደረጉ፤ ዲግሪውም ተሰጠው። ጉዳዩን ከያዙት ዋነኛው በ1950 የፊልድስ ሜዳሊያ ያገኘው ሎራን ሽዋርዝ ነበር። ሽዋርዝ በ1960 በአልጄሪያ አንዘምትም ያሉትን የሚደግፍ መግለጫ በመፈረሙ፣ በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ካለው ኤኮል ፖሊቴክኒክ የማስተማር ሥራው ተባረረ። መንግሥት ለኦዳን ሞት ኃላፊነቱን ያመነው በመስከረም 2018 ነው፤ ፕሬዚዳንት ማክሮን ራሳቸው ባለቤቱ ቤት ሄደው። ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥያቄው እንዳይቀበር ካደረጉት መካከል የሒሳብ ሰዎች የፊተኞቹ ናቸው፤ ይህ ከማንኛውም ሜዳሊያ ባልተናነሰ ሊወሳላቸው የሚገባ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሒሳብ የቻለ ሰው አገርም ይመራል

ይህኛው ስሕተት መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ናፖሊዮን ታላቁን የሒሳብ ሊቅ ላፕላስን በ1799 የአገር ውስጥ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ አነሳው። በ2010 ሜዳሊያ ያገኘው ሴድሪክ ቪላኒ ደግሞ በ2017 በማክሮን ፓርቲ የምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ2020 ከፓርቲው ፈቃድ ውጭ ለፓሪስ ከንቲባነት ተወዳድሮ ከፓርቲው ተባረረ፣ ምርጫውንም ተሸነፈ፤ በ2022 የምክር ቤት መቀመጫውን በ19 ድምፅ ብቻ አጣ። ይሁንና ፖለቲካው ባይቀናውም፣ ከሒሳብ ሊቁ ሻርል ቶሮሲያን ጋር በየካቲት 2018 ስለ ሒሳብ ትምህርት ያቀረበው ባለ 21 ምክረ ሐሳብ ሪፖርት ዛሬም መነጋገሪያ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ይህን ያህል ሜዳሊያ ያላት አገር ልጆቿ በሒሳብ ጎበዞች ናቸው

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ከፈረንሳይ ባለ ሜዳሊያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለፉት በአንድ ተቋም፣ በኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ነው። እዚያ የሚገባው በብርቱ ውድድር የተለየ ጥቂት ተማሪ ነው። ሜዳሊያው ስለ እነዚህ ጥቂቶች ይናገራል፤ ስለ ሰፈር ትምህርት ቤት ግን ምንም አይነግረንም።

ስለ ሰፈር ትምህርት ቤት የሚነግረን ቲምስ የተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና ነው። በ2019 የፈረንሳይ የአራተኛ ክፍል ልጆች በሒሳብ ያገኙት 485 ነጥብ ነው፤ ከተመዘኑት የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመጨረሻው። የስምንተኛ ክፍሎቹ ውጤት በ1995 ከነበረበት 530 ወደ 483 ወርዷል።

ቁጥሩ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። የ11 ዓመት ልጆች ከ0 እስከ 5 የተከፋፈለ መስመር ተሰጥቷቸው 1/2 የት እንደሚውል እንዲያመለክቱ ሲጠየቁ፣ ከአራቱ ከሦስቱ በላይ ተሳሳቱ። ለእነዚህ ልጆች 1/2 ገና በ0 እና በ1 መካከል ቦታ ያለው ቁጥር አልሆነም፤ ከላይ አንድ ከታች ሁለት የተጻፈበት ምልክት ብቻ ነው።

ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። የአንደኛ ደረጃ መምህራን አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ቋንቋ፣ ታሪክና የመሳሰለውን ነው፤ ከሒሳብ የተለያዩት ገና በወጣትነታቸው ነው። የቪላኒና የቶሮሲያን ሪፖርት አጥብቆ የያዘው ይህንን ነው፦ መምህራን በሥራ ላይ ሳሉ ይሠልጥኑ፤ ልጅም መጀመሪያ በእጁ ይንካው፣ ቀጥሎ በአፉ ይግለጸው፣ ምልክቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የሒሳብ መምህራን ቅጥር ፈተና በተደጋጋሚ ሰው ጎድሎት ቦታዎች ክፍት ቀርተዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሴት ልጆች በተፈጥሯቸው ወደ ሒሳብ አያዘነብሉም

ፈረንሳይ አንደኛ ክፍል የሚገባን ልጅ ሁሉ ትመዝናለች። ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ልጆችን ያካተተና በ2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ያሳየው ነገር ሊያስደነግጠን ይገባል፦ ትምህርት ሲጀመር ሴቱም ወንዱም እኩል ናቸው፤ ከአራት ወር በኋላ ወንዶቹ ይቀድማሉ። ልዩነቱ የሚሰፋው ዕድሜ በጨመረ መጠን ሳይሆን ክፍል ውስጥ የቆዩበት ጊዜ በጨመረ መጠን ነው። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ የትምህርት ቤት ደጅ እስኪረገጥ አይጠብቅም ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ነገሩን ሁሉ ያበላሸው የ2019 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማሻሻያ ነው

ማሻሻያው ጎድቷል፤ ይህን አልክድም። ከሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ሒሳብን ከግዴታ አውጥቶ በምርጫ አደረገው፤ ከሒሳብ የራቁት ሴቶች ቁጥርም ጨመረ። የፈረንሳይን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተለው የአዲስ አበባው ሊሴ ገብረ ማርያምም በዚሁ ውስጥ አልፏል። በ2023 ከመጨረሻው በፊት ላለው ዓመት፣ ሒሳብን ላልመረጡት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ግዴታ ሆኖ ተመለሰ። ነገር ግን በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት መጨረሻ የወጡት ልጆች አራተኛ ክፍል ነበሩ፤ ማሻሻያው ገና አልደረሰባቸውም። አሁን ደግሞ ከ2026 ጀምሮ በዚያው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል የሒሳብ ብሔራዊ ፈተና እንዲኖር ተወስኗል። ፈተናው የሚጠብቃቸው የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን ነው፤ ክፍተቱ የሚከፈተው ግን በስድስት ዓመታቸው፣ በአንደኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት ነው።